ነጋሪት ከመጎሰሙ በፊት፦ ለአንዲት ጀማሪ ዲፕሎማት የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መቀጠርሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ለሥራ የማትሰንፊ መሆንሽን አውቃለሁ፤ ችኮላሽንም አውቃለሁ። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ መልስ ታዘጋጂያለሽ። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን በችኮላ የሚበላሸው ወረቀት ነው። አንቺ በገባሽበት ቤት የሚበላሸው የሰው ሕይወት ነው። ስለዚህ ከጎረቤት አገር ጋር ነገር ሲከር ምን ማድረግ እንደሚገባ፣ ይልቁንም ምን ማድረግ እንደማይገባ፣ በዚህ ሥራ ካሳለፍኩት ዘመን የተማርኩትን በተራ ልጻፍልሽ። አብዛኛውን ምሳሌ የምወስደው ከኤርትራ ጋር ካደረግነው የባድመ ጦርነት ነው። ያኔ አንቺ አልተወለድሽም፤ ነገሩን የምታውቂው በወሬ ነው። ወሬ ደግሞ ያሸነፈውን እንጂ የጠፋውን ብዙ አይቆጥርም።

1. የሆነውን ሳታጣሪ ስም አታውጪለት። ሚያዝያ 28 ቀን 1990 ባድመ አካባቢ የኤርትራ ወታደሮችና የኢትዮጵያ ታጣቂዎች ተጋጩ፤ ሰው ሞተ። በዚያው ሳምንት የሁለቱ አገሮች የድንበር ኮሚቴ አዲስ አበባ ላይ ተገናኝቶ ነበር። ነገሩን የሚያጣራ ኮሚቴ እያለ ግንቦት 4 ቀን የኤርትራ ጦር በታንክ ታጅቦ ባድመ ገባ። በግጭቱና በወረራው መካከል የነበረው ስድስት ቀን ብቻ ነው። ጦርነቱን ባበቃው የሰላም ስምምነት የተቋቋመው የካሳ ይገባኛል ኮሚሽን ከዓመታት በኋላ ሲፈርድ፣ እንዲህ ያለ የጥቂት ወታደሮች የድንበር ግጭት ሰው ቢሞትበትም እንኳ አንድ አገር ራሴን ልከላከል ብሎ ጦር እንዲያዘምት መብት አይሰጠውም አለ። ይህን ፍርድ ሸምድጂው። ድንበር ላይ የተተኮሰ ጥይት ወንጀል ሊሆን ይችላል፤ የአንድ የመቶ አለቃ ስህተት ሊሆን ይችላል፤ የፍርሃት ሥራም ሊሆን ይችላል። «ጦርነት ታወጀብን» ካልሽ በኋላ ግን ማጣራቱ ራሱ ክህደት መስሎ ይታያል፤ ላጣራ የሚል ሰውም ይጠፋል።

2. መግለጫ ስታረቅቂ ቅጽሉን ሁሉ ሰርዢ። ይህን ሥራ ቶሎ ይሰጡሻል፤ ጀማሪ የሚሰጠው እሱ ነውና። ማታ ነው፣ አለቃሽ ተናዷል፣ ጋዜጠኞች ይደውላሉ። «የኤርትራ ጦር በዚህ ቀን ባድመ ገብቷል፤ ኢትዮጵያ ለቅቆ እንዲወጣ ትጠይቃለች» የሚል ዓረፍተ ነገር ሥራውን ሁሉ ይሠራል። አሁን ፊቱ ላይ «እብሪተኛው» የሚለውን ጨምሪበት። ኋላው ላይ «የማያዳግም ቅጣት» የሚለውን ጨምሪበት። አዲስ መረጃ አልሰጠሽም። የሰጠሽው ነገ መንግሥትሽ ለድርድር ሲቀመጥ ሕዝቡ «ከእብሪተኛ ጋር ምን ድርድር አለ?» ብሎ የሚጠይቅበትን ቃል ነው። በዚያ ጦርነት ዘመን በሁለቱም አገር ሬዲዮ የተነገረውን የሰማ ሰው፣ ከጥይቱ ይልቅ ቃሉ እንደቆየ ያውቃል። ጥይቱ በሁለት ዓመት አበቃ፤ ስድቡ ግን ልጆች አፍ ላይ አደረ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ያ ማታ ጀግና የሚያሰኝሽ ሐረግ ካለ መጀመሪያ እሱን ሰርዢ። አለቃሽ ቢቆጣ ቁጣው እስኪነጋ ነው።

3. ቀነ ገደብ ሳትፈሪ አትስጪ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1914 ኦስትሪያ ጥያቄዎቿን ደርድራ ለሰርቢያ የሰጠቻት የመልስ ጊዜ 48 ሰዓት ነበር። ሰርቢያ ከጥያቄዎቹ አብዛኛውን ተቀበለች፤ ሰዓቱ ግን ካለቀ በኋላ ለጎደለው የሚተርፍ ጊዜ አልነበረም። በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛው አውሮፓ ጦርነት ውስጥ ገባ። ሰዓት ከቆጠርሽ ሰዓቱ ያዘሽ ማለት ነው።

4. ባላንጣሽ ሳያፍር የሚመለስበትን መንገድ አንቺው አዘጋጂለት። ጀማሪዎች ይህን ሲሰሙ ደስ አይላቸውም፤ «እሱ አጥፍቶ እኔ መንገድ ልጥረግለት?» ይላሉ። አዎ፣ አንቺ ትጠርጊለታለሽ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1962 ሶቪየት ኅብረት ኩባ ላይ የኑክሌር ሚሳይል ተክላ ስትገኝ፣ የአሜሪካ ጦር አዛዦች በቦምብ እንምታ አሉ። ፕሬዝዳንቱ ኬኔዲ በመርከብ ከብቦ መጠበቅን መረጠ። ጥቅምት 27 ቀን አንድ የአሜሪካ ሰላይ አውሮፕላን ኩባ ላይ ተመትቶ ወደቀ፤ አብራሪው ሞተ። እንዲህ ከሆነ የመታውን ባትሪ እንደበድባለን የሚል ዕቅድ አስቀድሞ ተይዞ ነበር። ኬኔዲ ግን አስቆመው። በማግስቱ የሶቪየቱ መሪ ክሩሽቼቭ ሚሳይሎቹን እንደሚያነሳ አስታወቀ። በምላሹ አሜሪካ ኩባን እንደማትወርር በአደባባይ ቃል ገባች፤ ቱርክ ውስጥ የነበሩ የራሷን ሚሳይሎች እንደምታነሳ ደግሞ በምስጢር ተስማማች። ይህ ምስጢር ለዓመታት ተጠብቆ ቆየ። ኬኔዲ ለሰዎቹ «አሸነፍን ብላችሁ እንዳትፎክሩ» ማለቱን ልብ በዪ። የፎከሩበት ሰው ሁለተኛ ጊዜ አይመለስም፤ ሦስተኛ ጊዜም የሚያምንሽ አይኖርም።

5. የስልክ መስመር የምትቆርጪው በመጨረሻ ነው፤ ከተቻለሽ ከቶ አትቁረጪው። በዚያው በኩባ ጉዳይ የክሩሽቼቭ ረጅም ደብዳቤ ተተርጉሞና ተፈትቶ ዋሽንግተን እስኪደርስ ግማሽ ቀን ያህል ፈጀ። ዓለም ሊጠፋ በደረሰበት ሳምንት ግማሽ ቀን ማለት ምን እንደሆነ አስቢው። በቀጣዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ዋሽንግተንና ሞስኮ ቀጥታ መስመር ዘረጉ። ሰው ቀይ ስልክ ይመስለዋል፤ የጽሑፍ መላኪያ መሣሪያ ነበር። በድምፅ የተነገረ ነገር በቁጣ ይሰማል፣ በጥድፊያም ይተረጎማል፤ የተጻፈውን ግን ሰው ደግሞ ያነበዋል። አዲስ አበባና አስመራ በተቃራኒው ሄዱ። የሁለቱ አገር መሪዎች አብረው ታግለው የመጡ፣ በስም የሚጠራሩ፣ ሲሻቸው የሚደዋወሉ ነበሩ። ለዚህም ይመስለኛል ሌላ መስመር ሳይዘረጋ የቀረው። የሁለት ሰው ወዳጅነት ሲሰበር የሁለት አገር ንግግር አብሮ ተሰበረ። አንቺ በቦታሽ የምትችይው ትንሽ ነገር ነው፦ በዚያኛው አገር ሚኒስቴር ውስጥ እንዳንቺ ያለ ወጣት ባለሙያ ይኖራል፤ በሰላሙ ጊዜ ተዋወቂው።

6. አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ ስህተት ይሆናል ብለሽ ገምቺ። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2022 ከሕንድ የተነሳ ሚሳይል ድንበር ተሻግሮ ፓኪስታን ውስጥ ሚያን ቻኑ የምትባል ከተማ አጠገብ ወደቀ። ሁለቱም ኑክሌር የታጠቁ፣ ሁለቱም ለጠብ ምክንያት የማያጡ አገሮች ናቸው። የፓኪስታን ጦር በራዳሩ ተከታተለው፤ መልስ ግን አልተኮሰም፤ ማብራሪያ ጠየቀ። ከሁለት ቀን በኋላ ሕንድ በጥገና ወቅት በቴክኒክ ብልሽት የተተኮሰ ነው ብላ አመነች፤ ወራት ቆይቶም ሦስት መኮንኖቿን አባረረች። ሰው አልሞተም። ስለ ጦርነት የተጻፈ መጽሐፍ ቤት ሞልቷል፤ በዚያ ምሽት ስላልተደረገው ጦርነት ግን ማንም መጽሐፍ አይጽፍም። አንቺ እሱን አጥኚ።

7. የዛሬውን ብድር ዛሬ አትመልሺ። ግንቦት 28 ቀን 1990 የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች የአስመራን አውሮፕላን ማረፊያ መቱ፤ በዚያው ቀን የኤርትራ አውሮፕላኖች መቀሌን መቱ። ከአራቱ ምልልሳቸው ሁለቱ በመቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ፣ ሁለቱ በዓይደር ሰፈርና በትምህርት ቤቱ ላይ ወደቁ። የተጣለው ክላስተር ቦምብ ነው፤ በአየር ላይ ተከፍቶ ብዙ ትናንሽ ፈንጂ የሚበትን። በመጀመሪያው ድብደባ የተጎዱትን ለማንሳት የሮጡ ጎረቤቶች በሁለተኛው ተመቱ። ከ50 በላይ ሰላማዊ ሰው ሞተ፤ ከመካከላቸው የትምህርት ቤት ልጆች ነበሩ። ኮሚሽኑ ነገሩን መርምሮ ኤርትራን ተጠያቂ ሲያደርግ፣ ሆን ተብሎ ሰፈር ተመረጠ አላለም፤ ልምድ የሌላቸው ሰዎች፣ በቂ ጥንቃቄ ሳይደረግ የፈጸሙት መሆኑን ነው ያየው፤ እኔ ይህን ችኮላ እለዋለሁ። አየሽ፣ የልጆቹን ሬሳ ላነሳች እናት ሆን ተብሎና በችኮላ መካከል ልዩነት የለም። አዛዡ ግን ልዩነቱን ሊያውቅ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ችኮላውን ማስቀረት የሚችለው እሱ ነው። ከዘጠኝ ቀን በኋላ የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ክሊንተን በስልክ አግባብቶ ሁለቱም የአየር ድብደባ አቆሙ። ስለዚህ ማቆም ይቻል ነበር ማለት ነው፤ ዓይደር ግን ቀድማ ተመታለች።

8. «ማን ጀመረ?» እና «የማን ነው?» የሚሉትን ጥያቄዎች አትደባልቂ። ይህ የምክሬ ሁሉ እምብርት ነውና ቀስ ብለሽ አንብቢው። ሚያዝያ 5 ቀን 1994 በሰላም ስምምነቱ የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ውሳኔውን ሲያወጣ ሁለቱም መንግሥታት አሸነፍን አሉ፤ በካርታው ላይ ባድመ የሚል ስም አልተጻፈም ነበርና። ነጥቦቹ ሲቆጠሩ ባድመ ለኤርትራ ደረሰች። በ1998 ደግሞ የካሳ ኮሚሽኑ ፈረደ፦ ግንቦት 4 ቀን 1990 ጦር በማዝመቷ ሕግ የጣሰችው ኤርትራ ናት። እንግዲህ መሬቱ የተፈረደለት ወገን በሕግ አጥፊ ሆነ፤ የተወረረው ወገን ደግሞ ስንት ልጁን የገበረበትን መሬት በፍርድ አጣ። ኤርትራ ከመዝመት ይልቅ ከግልግል ዳኞች ፊት ብትሄድ ኖሮ ባድመን ያለ አንድ ጥይት ታገኝ ነበር። ይህን ሳስበው ዛሬም ያንገበግበኛል። እኛም ብንሆን የድንበሩን ፍርድ ሙሉ በሙሉ ለመቀበል እስከ 2010 ቆየን፤ «የመጨረሻና አስገዳጅ» ይሆናል ተብሎ የተፈረመለት ውሳኔ 16 ዓመት ሙሉ ሲንከባለል ጦሩ በምሽግ ውስጥ ኖረ፣ ሰው ከድንበር ወዲህና ወዲያ አረጀ። መንግሥት ሙሉ በሙሉ መቀበሉን ያሳወቀው ግንቦት 28 ቀን 2010 ነው፤ ዓይደር ከተመታች ልክ በ20 ዓመቷ፣ በዚያው ቀን። እውነት አለኝ ብለሽ ስትነሺ «በየትኛው ጥያቄ ላይ?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። በአንዱ እውነት ይዘሽ በሌላው ልታጠፊ ትችያለሽ።

9. ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ረቂቅ፣ ነገ ከድል በኋላ የተሻለ አገኛለሁ ብለሽ አትግፊው። በግንቦት 1990 አሜሪካና ሩዋንዳ ሐሳብ አቀረቡ፤ ወደነበሩበት ይመለሱ፣ ታዛቢ ይግባ፣ ድንበሩ በገለልተኛ ወገን ይሰመር የሚል። ኢትዮጵያ ተቀበለች፣ ኤርትራ አልተቀበለችም። በጥቅምት 1991 መጨረሻ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሳሳይ ማዕቀፍ አቀረበ፤ አሁንም ያው። በየካቲት 1991 በዘመቻ ፀሐይ ግባት ባድመ ስትያዝ ኤርትራ በማግስቱ ማዕቀፉን ተቀበለች፤ አሁን ደግሞ ኢትዮጵያ አላመነቻትም። ከዚያ ዝርዝር አፈጻጸሙ ቀረበ፤ ኤርትራ እሺ አለች፣ ኢትዮጵያ እንቢ አለች። ውጊያው በግንቦት 1992 እንደገና ተቀጣጠለ። ሰኔ 11 ቀን ተኩስ አቁም፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። የመጨረሻውን ወረቀት ከመጀመሪያው ጋር አስተያዪው፤ ፍሬ ነገሩ ብዙም አልራቀም። በሁለቱ ወረቀቶች መካከል የቆመው የሞተው ሰው ነው፤ ብዙዎች ከ70 ሺህ እስከ 100 ሺህ ይገምቱታል። በ2001 ኮሚሽኑ ካሳ ሲቆርጥ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ገደማ ሰጠ። ተካክሶ የሚቀረው 10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

10. ገላጋይ ሲመጣ አታንቋሽሺው፣ ትንሽ አገርም ብትሆን። በአገራችን ሽማግሌ ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ሲይዝ በመጀመሪያው ቀን ጥፋተኛውን አይጠይቅም። በገበያና በወንዝ መንገድ እንዳይገናኙ አለያይቶ፣ ቁጣው ሲበርድ ነው ወደ ነገሩ የሚገባው። አልጀርስ ላይም የተደረገው ይኸው ነው፤ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ቀጣና ተከልሎ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ መሀል ቆመ። ልጄ፣ ይህን የሽምግልና ወግ ለአልጄሪያ ቀድመን ያበደርናት እኛ ነን። እ.ኤ.አ. በ1963 አልጄሪያና ሞሮኮ በበረሃ ድንበር ሲዋጉ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከማሊው ሞዲቦ ኬይታ ጋር ሆነው ባማኮ ላይ ተኩስ አስቆሙ። ያኔ የአልጄሪያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የ26 ዓመቱ ቡተፍሊቃ ነበር። ያው ሰው ፕሬዝዳንት ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2000 እኛንና ኤርትራን አልጀርስ ላይ አስፈረመ። የተዋለ ውለታ እንዲህ አድርጎ ሲመለስ አይተናል፤ ጎረቤቶች ሲጣሉ ለማስታረቅ መሄድን ትርፍ ሥራ አድርገሽ አትዪው።

11. ጠቡ የመንግሥታት እንዲሆን አድርጊ፤ ወደ ሰው ቤት አታስገቢው። በዚያ ጦርነት ጊዜ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ተባረሩ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንም ከኤርትራ ወጡ። ባል በወዲህ፣ ሚስት በወዲያ የቀረበት ቤት ስንት ነው! በሐምሌ 2010 ቀጥታ የስልክ መስመር ሲከፈት ሰው የሚደውልለት ዘመድ ባይኖረው እንኳ ያገኘውን የአስመራ ቁጥር እየመታ «ጤና ይስጥልኝ፣ ከአዲስ አበባ ነኝ» ይል ነበር። ወረፋ የያዘ ናፍቆት ነበረ። ሐምሌ 11 ቀን፣ ከሁለት አሥርታት በኋላ የመጀመሪያው የመንገደኛ አውሮፕላን አስመራ ሲያርፍ ዓለም አየ። እነዚያን ሁለት አሥርታት ለማንም መመለስ አይቻልም። የመባረር ትእዛዝ ረቂቅ በእጅሽ ቢያልፍ፣ ምንም ጀማሪ ብትሆኚ፣ «ይህ ለምን አስፈለገ?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂ። በጽሑፍ ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

12. እርቅን በወረቀት አስረጂ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከኤርትራ ነፃነት በኋላ «ወንድማማቾች ነን» ተብሎ ድንበሩ ሳይሰመር፣ የንግድ ሥርዓቱ በቅጡ ሳይቆም ቀረ። በ1990 መግቢያ ኤርትራ የራሷን ገንዘብ ናቅፋን ስታወጣ የገንዘቡ ነገር ራሱ ጠብ ሆነ። በ2010ም ያው ተደገመ። በእንቁጣጣሽ 2011 የዛላምበሳ በር ሲከፈት ሕዝብ ተቃቅፎ አለቀሰ፤ የጉምሩክ ደንብ ግን አልነበረም፣ የቪዛ ሥርዓትም አልነበረም። በጥቂት ወራት ውስጥ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። እቅፉን አልነቅፍም፤ ከእቅፉ በኋላ ግን አሰልቺ የሆነ፣ ማንም የማያጨበጭብለት የጽሕፈት ሥራ አለ። እሱ ያንቺ ሥራ ነው።

13. ፍላጎትሽን ከመንገዱ ለይተሽ እዪ። ከጥቅምት 2016 ወዲህ የባሕር በር ነገር በአደባባይ ይነሳል። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ወደብ ብትሻ ማን ይደነቃል? ነገር ግን አንድ ነገር አትርሺ፦ ኤርትራ ከተለየች በኋላም እስከ 1990 ድረስ የኢትዮጵያ ዕቃ በብዛት የሚገባው በኤርትራው የአሰብ ወደብ ነበር። መርከቡ ይራገፋል፣ የጭነት መኪናው ይወጣል፣ ይወርዳል። ያን በር የዘጋብን ያ ጦርነት ነው። ስለ አሰብ በጦር ቋንቋ የሚናገር ሰው አጠገብሽ ሲቀመጥ፣ በእርጋታ፣ ሳትሳደቢ፣ ይህን አስታውሺው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል።

14. ትግርኛ ተማሪ። በስልክሽ በሚመጣ ትርጉም ሳይሆን፣ የኤርትራውያኑን ጋዜጣ የምታነቢበት፣ ሬዲዮናቸውን ያለ አስተርጓሚ የምትሰሚበት ያህል ተማሪ። አንድ መንግሥት ሲቆጣና የተቆጣ ሲመስል ልዩነቱ የሚታወቀው በራሱ ቋንቋ ነው። የአልጀርሱን ስምምነት፣ የድንበር ኮሚሽኑን ውሳኔና የካሳ ኮሚሽኑን ፍርድ ከቤተ መጻሕፍቱ አውጪና ሙሉውን አንብቢ፤ አጭር ማጠቃለያ የሚሰጥሽ ሰው አይጠፋም፣ አትቀበዪው። እያነበብሽ ያልገባሽን በኅዳጉ ላይ በእርሳስ ጻፊ፤ ስትጨርሺ ይዘሽልኝ ነዪ፣ አብረን እናየዋለን።